ቀለሙ የታደሰ፣ ሻንሲው የዛገ፦ ያረጁ የመስክ መኪኖችና የዱቄት ቀለም

እንፍራንዝ፦ ከባሕር ዳር ተነሥቶ በወረታና በአዲስ ዘመን በኩል ወደ ጎንደር የሚጓዝ መንገደኛ እንፍራንዝ አካባቢ ሲደርስ ቀድሞ የሚያስታውሰው የዐፄ ሠርፀ ድንግልን የጉዛራ ቤተ መንግሥት ነው። ዐይኑን ከኮረብታው አውርዶ መንገዱን ሲመለከት ግን ሌላ ዓይነት አረጋውያንን ያያል፤ የሽንኩርትና የሩዝ ጆንያ የተሸከሙ የሃያና የሠላሳ ዓመት ፒክአፖችን፣ ቀለማቸው የገረጣ ላንድክሩዘሮችን። ለአካባቢው አርሶ አደር እነዚህ መኪኖች ጌጥ አይደሉም። ምጥ የጠናባት እናት ከቀበሌ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ምርጥ ዘር ከወረዳ መጋዘን ወደ ማሳ፣ የእንስሳት ሐኪም ወደ ታመመ በሬ የሚደርሱት በእነርሱ ነው።

የእነዚህ መኪኖች ዕድሜ መራዘም ከእንግዲህ የባለቤቱ ምርጫ ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ ተሽከርካሪዎችን ዕድሜያቸው በገፋ ቁጥር በሚከብድ ታክስ ከገበያ አራቃቸው። በጥር 2016 ዓ.ም የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ.ር) ከኤሌክትሪክ በስተቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ ሀገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቁ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሬ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ፤ መለዋወጫም ዋጋው አብሮ ናረ። የኤሌክትሪክ መኪና በከተማ አስፋልት ላይ ጥቅሙ አያከራክርም። የኃይል መሙያ በሌለበት፣ በክረምት ጎማ በሚውጥ የጭቃ መንገድ ላይ ግን የድሮዋን ናፍጣ በል ላንድክሩዘር ገና አልተካም።

እናም ቀሪው አማራጭ ያለውን ማደስ ነው። ሞተር ይወርዳል፣ ካምቢዮ ይፈታል፣ ባትላሜራው የተበላውን ላሜራ ቆርጦ ይበይዳል፣ ጎድጓዳው በስቱኮ ይሞላል፣ በመጨረሻም ቀለም ይነፋል። በሌላው ዓለም ያረጁ የመስክ መኪኖችን የሚያድሱ ባለሙያዎች በዚህ የመጨረሻ ደረጃ ላይ የዱቄት ቀለም፣ በሙያው አጠራር ፓውደር ኮቲንግ የሚባለውን ዘዴ አዘውትረው ይጠቀማሉ። ዘዴው ለእኛም እንግዳ አይደለም። የአሉሚኒየም በርና መስኮት፣ የቢሮ የብረት ካቢኔት፣ የማቀዝቀዣ ቆርቆሮ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀባው በዚሁ ነው። ጥያቄው ለእንፍራንዝ፣ ለፎገራና ለደምቢያ መኪና ይበጃል ወይ ነው። የዚህ ጸሐፊ መልስ፦ ለአንዳንድ ክፍሎቹ እጅግ ይበጃል፣ ከሁሉም በላይ ለሚያሳስበው ክፍል ግን አሁን ባለን አቅም ሌላ ቅብ ይሻለዋል፤ ገንዘብና ሕይወት የሚጠፋውም ሁለቱን ባለመለየት ነው።

ሂደቱ ለማንም ባለሙያ ለመረዳት ቀላል ነው። የተለመደው ቀለም በቲነር ተበጥብጦ ይረጫል፣ ቲነሩ ተንኖ ቀለሙ ይደርቃል። የዱቄቱ ቀለም ቲነር የለውም። እንደ ዱቄት የላመው ቀለም ከልዩ መርጫው ሲወጣ የኤሌክትሪክ ሙል ይይዛል፤ ከመሬት ጋር በሽቦ የተገናኘው ብረትም ይስበዋል። ከዚያ ብረቱ ምድጃ ውስጥ ይገባል፤ ዱቄቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ180 እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ለ10 እና ለ20 ደቂቃ ያህል ቀልጦ ይጋገራል። የሚቆጠረው ግን የምድጃው አየር የሞቀበት ሰዓት ሳይሆን ብረቱ ራሱ ከዚያ ሙቀት ላይ የቆየበት ጊዜ ነው፤ ወፍራም ብረት ቀስ ብሎ ይሞቃልና። መሐል ላይ መብራት ቢቋረጥ ቅቡ ለዐይን የበሰለ መስሎ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ደኅና የበሰለው ቅብ ከ60 እስከ 80 ማይክሮን የሚደርስ ውፍረት ይኖረዋል፤ ጠጠር ቢመታው ከተራ ቀለም ይልቅ ይችላል፣ ናፍጣና ዘይት ቢፈስበትም ቶሎ አይላጥም።

እዚህ ላይ ወደ አፈራችን መመለስ ያሻል። የጣና ዙሪያ ሜዳ፣ በተለይም ርብና ጉማራ በክረምት የሚያጥለቀልቁት የፎገራ ሜዳ፣ አብዛኛው ጥቁር ዋልካ ነው። በግብርና ኮሌጅ ስለ ዋልካ ስንማር ውኃን የመያዝ ችሎታው እንደ በረከት ይነገረን ነበር፤ ሩዙንም ያበቀለው ይኸው ነው። ያው በረከት በመኪና ሆድ ሥር ሲለጠፍ መርገም ይሆናል። በሻንሲው ማዕዘንና በባሌስትራው መቀመጫ የተጠቀጠቀ ዋልካ አስፋልቱ ከደረቀ በኋላም እርጥበቱን ይዞ ይቆያልና ብረቱ ባልዘነበበት ቀን ሁሉ እንደ ረጠበ ይውላል። በዚህ ላይ ማዳበሪያው አለ። ኤን ፒ ኤስ የአሞኒየምና የድኝ ጨው ያለበት ነው፤ ዩሪያም ከአየር እርጥበት ይስባል። ከተቀደደ ጆንያ ፒክአፑ ወለል ላይ የፈሰሰ ማዳበሪያ በመጥረጊያ ብቻ ከታለፈ ስንጥቁ ውስጥ ረጥቦ ላሜራውን ይበላል። የጭነት ሳጥናቸው ከታች ወንፊት የሆነ ፒክአፖችን ምስጢር የሚፈልግ ከዚህ ይጀምር።

ዝገቱ ደግሞ ከውስጥ ነው። የላንድክሩዘርና የመሰሎቹ ሻንሲ አራት ማዕዘን ሆኖ የተዘጋ ቱቦ ነው፤ ጭቃና ውኃ በቀዳዳው ይገባል፣ መውጫው ሲደፈን ግን አይወጣም። የዱቄት ቀለም ትልቁ ድክመት እዚህ ይገለጣል። የኤሌክትሪኩ ስበት ወደ ተዘጋ ቱቦ ውስጥ ስለማይዘልቅ ዱቄቱ ከውጭ ያለውን ገጽ ብቻ ይሸፍናል። ውጩ እንደ አዲስ ሲያብረቀርቅ ውስጡ መበላቱን ይቀጥላል፤ ጠንካራው ቅብም ቀድሞ ይታይ የነበረውን ስንጥቅ ይደብቃል። በአውሮፓውያኑ 1948 ለገበያ የቀረበው ላንድሮቨር ለዚህ የታወቀ ምሳሌ ነው፤ አካሉ የማይዝግ አሉሚኒየም፣ ሻንሲው ግን የሚዝግ ብረት ስለነበር ሰውነቱ አምሮ አጥንቱ የበሰበሰ ላንድሮቨር በየሀገሩ ሞልቷል። አጥንቱ የከዳ መኪና የሚሰበረው ደግሞ ጋራዥ ቆሞ ሳይሆን ጭነትና ሰው ይዞ ቁልቁለት ሲወርድ ነው።

ስለዚህ ለሻንሲ የሚሻለው የቱ ነው? አምስት ሜትር የሚደርስ ሻንሲን በአንድ ጊዜ የሚያስገባ ምድጃ ይጠይቃል። ለስድስት ሜትር የአሉሚኒየም ዘንግ የተሠራ የፋብሪካ ምድጃ ርዝመቱ ቢበቃ እንኳ ስፋቱ ላይበቃ ይችላል፤ ቅድመ እጥበቱም ለአሉሚኒየም እንጂ ለዛገ ብረት የተዘጋጀ አይደለም። ሌላም ችግር አለ፤ ሜዳ ላይ የተፈነቀለ የዱቄት ቅብ በብሩሽ አይጠገንም፣ ከተፈነቀለበት ጠርዝ ጀምሮም ዝገቱ ከቅቡ ሥር እየሾለከ ይሄዳል። በአንጻሩ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ እስከ ብረቱ አራግፎ፣ ሁለት ጣሳ ተቀላቅሎ የሚቀባውን የኤፖክሲ ፀረ ዝገት በብሩሽ ሁለት ጊዜ መቀባት፣ ቱቦውን ከውስጥ አጥቦና አድርቆ ለዚሁ የተሠራውን ሰም መሰል መከላከያ መርጨት እንፍራንዝም ሆነ ማክሰኝት ሊሠራ ይችላል፤ በሚቀጥለው ዓመት ሲላጥም እዚያው ይጠገናል። ውበቱ ያንስ ይሆናል። ሻንሲን ማን ጎንበስ ብሎ ያየዋል?

የዱቄት ቀለም ቦታው ተፈትተው ለብቻ የሚወጡ ክፍሎች ናቸው፦ የብረት ቸርኬ፣ መከላከያ፣ ፖርቶ መጋላ፣ የባትሪ መቀመጫ፣ የወንበር ብረት፣ ፔዳልና ልዩ ልዩ መደገፊያዎች። የውኃ መሳቢያ ሞተር መቆሚያና የመውቂያ መሣሪያ ሽፋን ያለው አርሶ አደርም ከዚሁ ተጠቃሚ ነው፤ እንዲያውም ብዙዎቹ ከፋብሪካ ሲወጡ በዱቄት የተቀቡ ናቸው። የተቀባው ሁሉ ግን ከምድጃ በፊት ራቁቱን መቅረት አለበት። ጎሚኒ፣ ኩሽኔታ፣ ግራሶና የዘይት ማኅተም በዚያ ሙቀት ይጠፋሉ። በስቱኮ የተሞላ በር ወይም ኮፈን አይገባም፤ ስቱኮው ያን ሙቀት አይችልም። የተዘጋ ቱቦ የአየር ማስወጫ ቀዳዳ ያስፈልገዋል። ብየዳውም አስቀድሞ ማለቅ አለበት፤ ከቅቡ በኋላ የሚመጣ ብየዳ ዙሪያውን ያቃጥለዋል።

ከሁሉ በላይ ቸርኬ ላይ ጥንቃቄ ይሻል። ዳዶው የሚቀመጥበት ሾጣጣ ቀዳዳና ቸርኬው ከሞዞው ጋር የሚገጥምበት ገጽ ወፍራም ቅብ ከተቀቡ፣ ቅቡ በግፊት እየሳሳ ሲሄድ በደንብ የጠበቀው ዳዶ ይላላል። ጎማ በጉዞ ላይ የሚወልቀው እንዲህ ባለ ትንሽ ነገር ነው። ስለዚህ እነዚህ ቦታዎች ሙቀት በሚችል ፕላስተር ይሸፈኑ፤ መኪናው ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ከሄደ በኋላም ዳዶዎቹ እንደገና ይጥበቁ። ሻንሲን ለማስቀባት የቆረጠ ሰው ካለ ደግሞ የሻንሲ ቁጥሩን አደራ። በአሸዋ ግፊት የተፋቀ ወይም በወፍራም ቅብ የተደፈነ ቁጥር ለቦሎ ምርመራና ለስም ዝውውር ሲቀርብ ባለንብረቱን ሌባ ሊያስመስለው ይችላል። የአካሉ ቀለም ከተቀየረም ሊብሬው ላይ ካለው ጋር መስማማቱ ይታሰብበት።

ዱቄቱም ዓይነት አለው። የኤፖክሲ ዱቄት ዝገትን በመከላከል የተመሰገነ ነው፤ ፀሐይ ግን ትረታዋለች፣ ገርጥቶ እንደ ጠመኔ እጅ ላይ ይቀራል። ፖሊስተር የተባለው ፀሐይን ይችላል። የጣና ሐይቅ ገጽ ራሱ ከባሕር ወለል በላይ 1 ሺህ 780 ሜትር ገደማ ነው፤ በዚህ ከፍታ ላይ ፀሐይዋ ቀለምን የምትበላበት ጨረር ከቆላው ይበረታል። ለቢሮ ካቢኔት የተገዛውን ዱቄት ለፖርቶ መጋላ መጠቀም እንግዲህ የሁለት ክረምት ዕድሜ ያለው ሥራ መሥራት ነው። ጥሩው አሠራር ዚንክ ያለበት ኤፖክሲ ከታች፣ ፖሊስተር ከላይ ነው። ደንበኛ ሒሳብ ከመክፈሉ በፊት የትኛው እንደሆነ መጠየቅ መብቱ ነው።

ዝገትን የማራገፉ ሥራም የራሱ አደጋ አለው። የደረቀ የወንዝ አሸዋ በኮምፕሬሰር መርጨት ርካሽ ነው፤ ብናኙ ግን ሳንባ ውስጥ ገብቶ የማይድን በሽታ ያመጣል፤ ተራ ጨርቅ አፍንጫ ላይ ማሰርም አያድንም። በሆድ ዕቃው ሥር የተቃጠለ ዘይት መርጨት የሚባለው የድሮ ልማድ ደግሞ ዝገቱን ለጊዜው ያዘገየዋል፣ የመጀመሪያው ጎርፍ ግን ዘይቱን አጥቦ ወደ ማሳውና ወደ ረግረጉ ይወስደዋል። ጣና በ2007 ዓ.ም በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ የተመዘገበ ሐይቅ ነው፤ ዓሣውንም የምንበላው እኛው ነን።

ጉዳዩ የግለሰብ ባለንብረት ብቻ አይደለም። የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች አምቡላንስና የመስክ መኪና የሚያስጠግኑት ከሕዝብ በተሰበሰበ ገንዘብ ነው። የጥገና ውል ሲጻፍ «ሙሉ ቀለም» የሚል ቃል ብቻ ከሰፈረ ጋራዡ የሚታየውን ይቀባል፤ ቃሉን ጠብቋልና አይወቀስም። ውሉ ላይ ሻንሲው ተራግፎ ከመቀባቱ በፊት በርክክብ ኮሚቴ እንዲታይና ፎቶ እንዲነሣ፣ የተበየደው ቦታ እንዲመዘገብ፣ የቅቡ ውፍረት በመለኪያ እንዲረጋገጥ ማስፈር ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ቸርኬና መከላከያ የሚበቃው መጠነኛ ምድጃም በባሕር ዳር ወይም በጎንደር ካሉት የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች በአንዱ ቢቋቋም ለወጣቶች ሥራ፣ ለወረዳዎችም በአቅራቢያ የሚገኝ አገልግሎት ይሆናል። የመብራቱ ጉዳይ ግን ከምድጃው ግዢ በፊት ይመለስ።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ያገለገሉ መኪኖችን በጨረታ ሲያስወግዱ በማኅበር ተደራጅተው የሚገዙ አርሶ አደሮችና ነጋዴዎች አሉ። ለእነርሱ የሚጠቅመው መሣሪያ ትንሽ መዶሻና ካቻቢቴ ነው። ሻንሲውን ከኋላ ባሌስትራ በላይ፣ ከመሪው ሳጥን አጠገብና ከጭነት ሳጥኑ መቀመጫ ሥር ቀስ አድርጎ መምታት፤ ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተበላው ግን የታፈነ። ካቻቢቴው ከገባ ዋጋው የሚነጋገሩበት ሳይሆን የሚተዉት ነው። ተገዝቶ ለመጣውና ለቆየው ደግሞ ሰኔ ከመግባቱ በፊት ሻንሲው ሥር ያሉትን የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች በሽቦ መክፈት፣ ከእያንዳንዱ የማዳበሪያ ጭነት በኋላም የሳጥኑን ወለል በብዙ ውኃ ማጠብ ነው።