ስንጥቁን አትለስኑት

አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ ቤት ሊሸጥ ሲታሰብ መጀመሪያ የሚጠራው ቀቢ ነው። መሐንዲስ አይጠራም፤ ጠበቃም አይጠራም። ቀቢው ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ፣ ስንት ክረምት የጠጣው ግድግዳ ክሬም ለብሷል፤ ምስጥ የቦረቦረው የበር መቃን በቡናማ ዘይት ቀለም ተሸፍኗል፤ ኮርኒሱ ላይ የነበረው የፍሳሽ እድፍ ጠፍቷል። ባለቤቱ በረንዳው ላይ ቆሞ «አሁን ቤት መሰለ» ይላል። ደላላው ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሳል፤ እርጥበቱ አሁንም የሚታይበትን ጥግ ግን አያነሳም። ይህ ሁሉ ድካም አንድ ሰው የዕድሜ ልክ ጥሪቱን ሲያወጣ የሚገዛውን ነገር እንዳያይ ለማድረግ ነው። እኔ ስርቆት እለዋለሁ። የሚሠሩት ጨዋ ሰዎች፣ የተከበሩ አባወራዎችና እማወራዎች መሆናቸው ስሙን አይቀይረውም።

ያረጀ ቤት ባለበት ሁኔታ ይሸጥ። ግቢው ይጠረግ፣ መስኮቱ ይወልወል፣ እንግዳ ስለሚመጣ ዕጣንም ይጨስ፤ በዚህ ጠብ የለኝም። ግን አይቀባ፣ አይለሰን፣ የተሰነጠቀው ተሰንጥቆ ይታይ። ማርጀት ነውር አይደለም። ነውሩ ማርጀቱን ደብቆ ልጅ ነው ብሎ ዋጋ መጥራት ነው።

ጭቃ ቤት እንዴት እንደሚሞት ያላየ ሰው ቀለሙን ያምናል። የከተማችን ነባር ቤቶች አብዛኞቹ የእንጨትና የጭቃ ናቸው፤ ባሕር ዛፍ ቆሞ፣ ማገር ተመትቶ፣ ጭድ የገባበት የቦካ ጭቃ ተመርጎ የተሠሩ። እነዚህ ቤቶች የሚሞቱት ከእግራቸው ነው። መሬት ውስጥ የገባው የቋሚው ጫፍ በእርጥበት ይበሰብሳል፣ ወይም ምስጥ ይገባበታል፤ ከላይ ያለው ግን ደህና መስሎ ይቆያል። በመሀል ባለቤቱ ትንሽ ገንዘብ ያገኝና ጭቃውን በሲሚንቶ ያስለስናል። ሲሚንቶ ግትር ነው፤ ጭቃ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰበሰባል። ሁለቱ ተስማምተው አይኖሩም። ልስኑ ከጭቃው ይላቀቅና እርጥበቱን ከውስጥ አፍኖ ይይዛል፤ በጣት ስታንኳኩት ባዶ ድምፅ ይሰጣችኋል። ከመስኮት ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚወርድ ስንጥቅ ካያችሁ ደግሞ ነገሩ ከልስን አልፏል፤ ብዙውን ጊዜ መሠረቱ እየሰመጠ ነው ማለት ነው። በቦሌና በአቃቂ በኩል ጥቁር አፈር ላይ የቆመ ቤት ከሆነማ፣ አፈሩ ውሃ ሲጠጣ እያበጠ፣ ሲደርቅ እየተሰነጠቀ፣ ቤቱን በየዓመቱ አንዴ ያነሳዋል፣ አንዴ ይጥለዋል። ይህን ስንጥቅ በጂፕሰም ደፍኖ ቀለም መቀባት በሽተኛን ኩሎ ሠርግ እንደ መስደድ ነው። ሐምሌ ላይ ስንጥቁ ይመለሳል። ያን ጊዜ ግን ባለቤቱ ሌላ ሰው ነው።

አሮጌ ቤቱን በነሐሴ አስጎብኝቶ የሸጠ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ሁሉም ጥርን ይጠብቃል። ሰማዩ ሲጠራ፣ ቆርቆሮው ሲደርቅ፣ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ሽታ ሲበርድለት ያኔ «ቤቱ ለሽያጭ ቀርቧል» ይባላል። እኔን ብትሰሙኝ፣ አሮጌ ቤት ልትገዙ ካሰባችሁ ጃንጥላ ይዛችሁ ሂዱ፤ ዝናቡ ሲጥል ጣራው ሥር ቁሙና ሻጩ ቡና አፍልቶ ሊያስወጣችሁ ሲሞክር እምቢ በሉት።

እናታችን ካረፈች በኋላ የጉለሌውን ቤት ለመሸጥ ስንነሳ ይኸው የመቀባት በሽታ የኔ ቤተሰብ ውስጥ ገባ። የወራሽነት ማስረጃው ከፍርድ ቤት ወጣ። ታናሽ ወንድሜ ከቨርጂኒያ ውክልናውን በኤምባሲው አጽድቆ ላከ፤ ከውክልናው ጋር ደግሞ ትእዛዝ ላከ። «እታለም፣ እዚህ ቤት ሳይቀባ ገበያ አይወጣም። ሶፋ ሁሉ ተከራይተው ነው የሚያሳዩት» አለኝ። እውነቱን ነው። ያልነገረኝ ግን እዚያ ገዢው ብዙውን ጊዜ የራሱን መርማሪ ይዞ እንደሚመጣ፣ ጣራ ላይ አስወጥቶ፣ የኤሌክትሪክ ሳጥኑን አስከፍቶ፣ የብልሽቱን ዝርዝር በጽሑፍ ተቀብሎ እንደሚደራደር ነው። እኛ ሶፋውን አስገብተን መርማሪውን ጉምሩክ ላይ አስቀረነው።

ደላላው ከወንድሜ ባሰ። «እትዬ፣ ቀለም ብቻ ያስነኩት፣ ሌላውን ለኔ ይተዉት» አለኝ። ሌላው ምን እንደሆነ ስጠይቀው ሳቀ። ምን እንደሆነ ያወቅኩት የመጀመሪያውን ገዢ ሲሸኝ በአጥሩ በኩል ስሰማው ነው። ሳሎን ውስጥ «ይሄ የድሮ እንጨት ነው፣ ገና ስንት ዘመን ይኖራል» ያለው ያው ሰው፣ በሩ ላይ «ቤቱን ተወው፣ ፈራሽ ነው፤ አንተ የምትገዛው ቦታውን ነው» እያለ ነበር። ከሻጭም 2 በመቶ፣ ከገዢም 2 በመቶ የሚቀበል ሰው ሁለት ምላስ ቢኖረው ምን ይገርማል?

ግን ደላላው በር ላይ የተናገረው ነገር ሕጉም መንግሥትም ያሉበት ትልቅ ውሸት ነውና ልቆይበት። በ1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ ወዲህ፣ በሕግ ፊት ከተማ ውስጥ መሬት የሚሸጥ ሰው የለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ብሎ በሩን ዘጋው። ስለዚህ ውሉ ላይ የሚሸጠው ቤቱ ብቻ ነው። ሕጉ መሬቱ አይሸጥም ይላል፤ ደላላው ቤቱ ዋጋ የለውም ይላል። ታዲያ ያ ሁሉ ሚሊዮን ብር የሚቆጠረው ለምንድን ነው? ውል ላይ ስሟ የሚጠራው ያዘመመችው ጭቃ ቤት ናት፤ ብሩ የሚቆጠረው ከሥሯ ላለው አፈር ነው። ገዢ ያውቃል፣ ሻጭ ያውቃል፣ ውል አጽዳቂው ያውቃል። አገር በሙሉ እየተያየ የሚዋሸው ውሸት ስለሆነ የሚያፍርበት ጠፋ።

ከዚህ ውሸት ሥር ደግሞ ትናንሾቹ ይበቅላሉ። ስም ለማዛወርም፣ ለቴምብር ቀረጥም ከዋጋው በመቶኛ ይከፈላል፤ እሱን ለማሳነስ ውሉ ላይ የሚጻፈው ዋጋ ከተከፈለው በብዙ ያንሳል። ገዢው በግብሩ ያተረፈ ይመስለዋል። ነገሩ ተበላሽቶ ውሉ ይፍረስልኝ ብሎ ፍርድ ቤት ሲቆም ግን በእጁ ያለው ማስረጃ የተጻፈችው ትንሿ ቁጥር ናት፤ ቀሪውን «በእምነት» ነበር የሰጠው። ሊዙም አለ። በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 በነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ አዲሱ ባለቤት ቦታውን በሊዝ እንዲይዝ ደነገገ። ሻጩ ከአባቱ ዘመን ጀምሮ የቦታ ግብር ሲከፈል የኖረበትን ደረሰኝ እያሳየ «ወጪ የለበትም» ይላል። የሱ ወጪ የለበትም፤ የገዢው ግን አለበት።

እዚህ ላይ የሚመጣውን መልስ አውቀዋለሁ፤ ከወንድሜም ከደላላውም ሰምቼዋለሁ። «ገዢው እኮ አፍርሶ ሕንፃ ነው የሚሠራው። ለሚፈርስ ግድግዳ ስንጥቅ ማሳየት ምን ይጠቅመዋል?» ይህ ክርክር ብልህ ይመስላል፤ ከንቱ ነው። አንደኛ ነገር፣ አሮጌ ቤት የሚገዛው ሁሉ ባለ ክሬን አይደለም። ትልቁን ግቢ ባለሀብቱ ይውሰደው፤ ትንሿን፣ ጭቃዋን፣ ጣራዋ የሚያፈሰውን የሚገዛት ግን በአብዛኛው የሚኖርባት ሰው ነው። ዓመታት ጅዳና ቤይሩት ሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ልጅ ናት፤ ከኪራይ ኪራይ መንከራተት የሰለቸው አስተማሪ ነው። እነዚህ ሰዎች ቤቷን ከገዙ በኋላ ለመሥሪያ የሚሆን ሳንቲም አይተርፋቸውም። ልጆቻቸውን ይዘው ይገቡባታል። ቀለም የተቀባው ግድግዳ ሥር አልጋ ይዘረጋሉ።

ከቤቱ ጋር የማይፈርሰው ነገር ደግሞ ከሚፈርሰው ይበልጣል። በኛው ቤት ካርታው ላይ የተጻፈው ስፋትና መሬት ላይ ያለው ልኬት አይገጥምም። የጎረቤቱ ኩሽና አጥሩን አልፎ ገብቷል፤ ለሠላሳ ዓመት «አንድ ቤተሰብ ነን» ተብሎ ታልፏል። ጓሮ ያለችው ሰርቪስ ውስጥ የእናቴ ዘመን ሰው ደባል ሆኖ ይኖራል፤ ኪራይ አይከፍልም፣ አይወጣምም። ቆጣሪው በሟች ስም ነው፤ የውሃው ውዝፍ አልተከፈለም። ግሬደር ቢመጣ ከነዚህ አንዱንም አይጠርግም።

ሻጮች የሚመኩበት አንድ የውል ዓረፍተ ነገር አለ፤ ገዢው «ቤቱን አይቼና ወድጄ ገዝቻለሁ» ብሎ ይፈርማል። ይህቺን ካስፈረሙ በኋላ ከኃጢአት ሁሉ የነጹ ይመስላቸዋል። ምኑን ነው ያየው? የጂፕሰሙን ፊት! የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ እንዲህ ዓይነቱን ብልጠት አይወድም፤ በአንቀጽ 1704 አንዱ ወገን ሌላውን አታልሎ፣ ያ ማታለል ባይኖር የማይገባበትን ውል ካስገባው ውሉ ሊፈርስ ይችላል። ችግሩ ሕጉ አይደለም። የተታለለው ሰው ገንዘቡን ጨርሶ ጠበቃ ማቆም አለመቻሉ፣ ቀጠሮው ሲጎተት ጣራው እላዩ ላይ ማፍሰሱ ነው። ሻጩም ይህንን ያውቃል፤ የሚመካውም በዚህ ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን በቅርቡ የመጣው የማታለል ዓይነት ነው። በ2016 የኮሪደር ልማቱ ከተጀመረና ፒያሳ፣ ቀጥሎም ካዛንቺስ ከፈረሱ ወዲህ የገዢ የመጀመሪያ ጥያቄ «ኮሪደር ይነካዋል?» ሆኗል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ነው አታላይ ያደረገን። ወሬውን ቀድሞ የሰማ፣ ወረዳ ዘመድ ያለው፣ ቀይ ቀለም አጥሩ ላይ ሳይጻፍ በፊት ሊያመልጥ የሚሮጥ ሻጭ በዝቷል። ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ገዢው ሚሊዮኖቹን የከፈለው ለቦታው ነው፤ ቦታው ለልማት ሲፈለግ ካሳው የሚታሰበው መሬቱ ላይ ላለው ንብረት እንጂ ለመሬቱ የገበያ ዋጋ አይደለም። ምትክ ቦታ ቢሰጠው እንኳ ብዙውን ጊዜ የከፈለበት ሰፈር አይሆንም። ደላላው «ዋጋ የለውም» ያለው ጭቃ ያን ቀን ብቻ ተቆጥሮ ይገመታል። ይህንን እያወቀ ዝም ብሎ የሚፈርም ሰው ማታ እንዴት እንቅልፍ እንደሚወስደው ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል።

ጉለሌ ያለውን ቤት ሳይቀባ ሸጥኩት። የሚያፈሰውን ቦታ፣ የተነቀለውን የጣውላ ወለል፣ የበሰበሰውን የጓዳ ቋሚ፣ የካርታውን ልኬት፣ የጎረቤታችንን አጥር ጉዳይ፣ የጓሮውን ደባል፣ በሟች ስም ያለውን ቆጣሪና ያልተከፈለውን የውሃ ሂሳብ ወረቀት ላይ ጽፌ ለሚመጣው ሁሉ በእጁ ሰጠሁት። ደላላው ወረቀቱን አይቶ «እትዬ፣ ይሄ እኮ ክስ ነው» አለና ሌላ ሥራ እንዳለበት ነግሮኝ ሄደ። ብዙዎቹ አንብበው አልተመለሱም። የተመለሱት ባልና ሚስት ግንበኛ አጎታቸውን ይዘው መጡ፤ ሰውዬው ግድግዳውን ሲያንኳኳ ቆይቶ ወረቀቴ ላይ የሌለ አንድ ተጨማሪ ምስጥ የበላው ጉበን አገኘልኝ። እሱንም ጨመርኩት። ዋጋ አስቀነሱ፤ የቀነሱትም ጣራውን ለማስጠገን የሚበቃ ያህል ነበር፤ ተስማማን። ውሉ ላይ የተጻፈው የተከፈለው ዋጋ ነው።

ወንድሜ ስንት ያለአግባብ እንዳከሰርኩት እስከ ዛሬ ያሰላብኛል፤ በየበዓሉ ሲደውል ከእንኳን አደረሳችሁ ቀጥሎ የሚመጣው ያ ሂሳብ ነው። ልዩነቱን ከኔ ድርሻ ላይ እንዲቀንስ፣ ሲቀንስ ግን ለየትኛው ስንጥቅ ስንት እንደሚያስከፍለኝ ለይቶ በጽሑፍ እንዲልክልኝ ነግሬዋለሁ። እስካሁን አልላከም።