ድምፁን ከፍ አድርጉት፤ ለራሳችሁ

የተመስጦ ነጋዴዎች በዝተዋል። መተግበሪያውን ስልክህ ላይ ጫን፣ በየወሩ ክፈል፣ ዓይንህን ጨፍን፣ ትንፋሽህን ቁጠር፤ የወፍ ድምፅና የምንጭ ውሃ እያሰማን እናሳርፍሃለን ይላሉ። ያሳረፈው ይረፍ፣ ምቀኝነት የለብኝም። የሚያንገበግበኝ አብሮ የሚመጣው ስብከት ነው። ተመስጦ ማለት ዝምታ ነው፤ ጩኸት ባለበት ነፍስ ትበተናለች እንጂ አትሰበሰብም፤ ከበሮና ኤሌክትሪክ ጊታር የወጣት ስካር ነው ይሉናል። ይህን የሚለኝ ዕድሜውን በዋሻ የጨረሰ ባሕታዊ ቢሆን አንገቴን ደፍቼ እሰማው ነበር። የሚለኝ ግን ጥምቀት በመጣ ቁጥር ታቦት አጅቦ እያጨበጨበ ጃንሜዳ የሚደርስ፣ የመንዙማ ድቤ ከሩቅ ሲሰማ ትከሻው የሚነቃነቅ የአገሬ ሰው ነው።

እኔ በዝምታ አልቀመጥም። ሞክረው የምትሉኝ ሁሉ በዝምታ ውስጥ ማን እንደሚጠብቀኝ አታውቁም፤ የቤት ኪራይ፣ ያልመለስኩት ስልክ፣ አለቃዬ ስብሰባ ላይ የተናገረኝና መልሱ ቤቴ ከገባሁ በኋላ የመጣልኝ ነገር። ዝም ባልኩ ቁጥር እነዚህ ሁሉ ወንበር ስበው ይቀመጣሉ።

ስለዚህ ማታ ሥራ ስጨርስ በሬን እዘጋለሁ፣ መብራቱን አጠፋለሁ፣ የጆሮ መድፈኛዬን እሰካና ሰን የተባለውን የአሜሪካ ባንድ እከፍታለሁ። እንደ መነኩሴ፣ ቆብ ያለው ረጅም ቀሚስ ለብሰው፣ መድረኩን በጭስ አፍነው የሚጫወቱ ጊታሪስቶች ናቸው። አንድ ወፍራም ድምፅ መትተው ይለቁታል፤ ሳይሞት ሌላው ይደረብበታል። ምት የለውም ማለት ይቻላል፣ እኛ ዜማ የምንለውም እምብዛም የለውም። መጀመሪያ ላይ ጭንቅላቴ ይታገላል። ቆይቶ ድምፁ ደረቴ ላይ ይቀመጣል፣ ወለሉ ከእግሬ መዳፍ ጋር ማውራት ይጀምራል፣ አንዷ ዝቅ ያለች ኖታ ስትመጣ የቡፌው ብርጭቆዎች ይንቀጫቀጫሉ፣ የጓዳው ቆርቆሮ ይነዝራል። ሐሳብ መቆሚያ ያጣል። አለቃዬ ይጠፋል። እኔ የምለው ሰውዬም የት እንደገባ እንጃ፤ ሲመለስ ግን ቀለል ብሎት ነው የሚመለሰው።

ጎረቤቴ፣ አንዲት እናት፣ በአጥር በኩል ጠርተውኝ፣ «አንተ ልጅ፣ ቤትህ የገባው ዛር ነው ሙዚቃ?» አሉኝ።

«ብዙም አይራራቁም፣ እማማ።»

ሳቁ። «እንግዲያው ዛርህ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ይረፍ» ብለው ቆረጡልኝ። ከሦስት ሰዓት በኋላ እስከ ዛሬ በጆሮ ማዳመጫ ነው። እኚህ ሴት ነገሩ ከመተግበሪያው ሰባኪዎች የበለጠ ገብቷቸዋል።

ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ውስጥ ከባለ ዛሮች ጋር ወራት ከርሞ ያየውን ጽፏል። ዛሩ የሚነሳው በዘፈን፣ በጭብጨባና በከበሮ መሃል ነው፤ «አሁን ሁላችንም ጸጥ እንበል» ተብሎ የተነሳ ዛር አልሰማሁም። ዛር ይመለክ እያልኩ አይደለም፤ የንስሐ አባቴም ይህን ያነቡ ይሆናል። የምለው፣ ሰው ከራሱ ወጣ የሚልበትን በር እናቶቻችንና አባቶቻችን በድምፅ ነው የከፈቱት።

የንስሐ አባቴን ካነሳሁ አይቀር ማኅሌቱንም ላንሳ። ማኅሌት በጩኸት አይጀምርም። ቁም ዜማው ያለ ከበሮ፣ በሰው ድምፅ ብቻ ይባላል፤ ሊቃውንቱ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ቆመዋል። በዝማሜው መቋሚያው ይነሳል፣ ሰውነትም አብሮት መዝመም ይጀምራል። በመረግዱ ከበሮው ይገባል፤ መጀመሪያ ረጋ ብሎ፣ ጸናጽሉ እላዩ ላይ እየተንሿሿ። መቺው ማንገቻውን አንገቱ ላይ አጥልቆ፣ ሰፊውንና ጠባቡን አፍ እያፈራረቀ፣ ጎንበስ ቀና ይላል። ጽፋቱ ላይ ሲደርስ ምቱ ይፈጥናል፣ ጭብጨባው ይወርዳል፣ ከጎኑ የቆመ ሰው ከበሮውን የሚሰማው በጎድን አጥንቱ ነው። ያን ጊዜ የመሪጌታውን ፊት ተመልከቱ። ላቡ ከጥምጥሙ ሥር ይወርዳል፣ ዓይኑ ተከፍቷል፣ ማንንም ግን አያይም። ሌሊቱን በእግሩ ያነጋ ሽማግሌ ነው፤ ድካሙን የት እንዳኖረው እሱም የሚያውቅ አይመስልም። ስለ ቅዱስ ያሬድ የሚነገረውንስ ማን ያጣዋል? በ6ኛው ክፍለ ዘመን አክሱም ላይ ሲዘምር የንጉሥ ገብረ መስቀል ጦር እግሩን ሲወጋው ዘማሪውም ንጉሡም አልታወቃቸውም ይላል ትውፊቱ። ይህን ለልጆቻችን የምናስተምር ሰዎች፣ ዞር ብለን ደግሞ ድምፅ ልብ ይበትናል እንላለን!

ሐረር ዚክሪው በከበሮና በሚጋጩ እንጨቶች ይደምቃል። ወሎ መንዙማው በድቤ ይነጋል። ሞሮኮ ውስጥ ግናዋዎች የብረት ማጨብጨቢያቸውን እያንኳኩ ሌሊቱን ይዘልቁታል፣ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2019 በቅርስነት መዝግቦላቸዋል። ዝርዝሩ ረጅም ነው፣ ልተወው።

«ይህ እኮ ስሜት ነው፣ ሳይንስ አምጣ» የሚለኝም አይጠፋም። እሺ። ጆሯችን ውስጥ፣ የሰውነትን ሚዛን ለመጠበቅ የተፈጠረ ትንሽ ከረጢት አለ። የማንቸስተሮቹ ተመራማሪዎች ኒል ቶድና ፍሬድሪክ ኮዲ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጥናት፣ የዳንስ ቤት ቤዝ ከ90 ዴሲቤል ሲያልፍ ይህ ከረጢትም እንደሚነቃ አሳይተዋል። ስለዚህ የበረታ ድምፅ መስሚያውን ብቻ ነክቶ አያልፍም፤ ቆሜያለሁ ወይስ እየተወዛወዝኩ ነው የሚለውንም ክፍል ይነቀንቃል። ካናዳ ውስጥ ደግሞ የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በአንድ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ኮንሰርት መሃል፣ እጅግ ዝቅተኛ ድምፅ የሚያወጡ ስፒከሮችን እያበሩና እያጠፉ ታዳሚውን ለኩ። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ውጤት እንደሚለው ስፒከሮቹ ሲበሩ ሰዉ 12 በመቶ ያህል አብልጦ ተንቀሳቀሰ፤ መብራታቸውን ግን አላወቀም። ጭንቅላቱ ሳይጠየቅ ሰውነቱ ተስማማ ማለት ነው።

የእኔ ወገኖችም ገና አታጨብጭቡ። ጆሮ ካልደማ ተመስጦ የለም የምትሉ ጅሎች መሃላችን አላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት 80 ዴሲቤልን በሳምንት 40 ሰዓት ድረስ ይፈቅዳል፤ 100 ዴሲቤል ላይ ስትደርስ የሳምንቱ ድርሻህ 20 ደቂቃ ነው። በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ የድምፁ ኃይል እጥፍ ይሆናል፤ የውስጥ ጆሮ የመስሚያ ፀጉሮች ደግሞ አንዴ ከሞቱ አይበቅሉም። በጩኸቱ የታወቀው ማይ ብለዲ ቫለንታይን የተባለው ባንድ እንኳ ኮንሰርቱ በር ላይ የጆሮ መድፈኛ ያድል ነበር። መድፈኛው የሚቆርጠው በይበልጥ ቀጭኑን ድምፅ ነው፤ ቤዙ በደረትህ በኩል መግባቱን አይተውም። የሚጎዳህን በር ላይ አስቀርተህ የፈለግኸውን ማስገባት ከተቻለ ፉከራው ለምን አስፈለገ?

ዝምታን ጠልቼ እንዳይመስላችሁ። የህንዱ ኦሾ እ.ኤ.አ. በ1970 የጀመረው ተለዋዋጭ ሜዲቴሽን የተባለ ነገር አለ። አንድ ሰዓት ነው፤ በኃይል ትተነፍሳለህ፣ ትጮሃለህ፣ ትዘላለህ፣ ከዚያ «ቁም!» ትባልና ባለህበት 15 ደቂቃ ትደርቃለህ። ሰውየው ብዙ ጉድ የሚወራበት ነው፣ እሱን ለታሪክ ልተወው። ይህችን ግን አውቋታል፤ ከጩኸት በኋላ የሚመጣ ዝምታ ሌላ ዝምታ ነው። የሚሸጡልን ያንን ቢሆን ኖሮ እኔም በከፈልኩ።

አሁን ወደ ዋናው ጠቤ ልምጣ። የሰመመንን (የትራንስን) ሙዚቃ አገር ላገር ያጠናው ዢልበር ሩዤ እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣው መጽሐፉ፣ ከበሮ በራሱ ማንንም ሰመመን ውስጥ አይጥልም ብሎ ተከራክሯል። እውነቱን ነው። እንዲያ ቢሆንማ ሰርግ የተጠራውን ሁሉ ተሸክመን ነበር ወደ ቤቱ የምንመልሰው። ድምፁ የሚከፍተው ሊከፈት ለመጣ ሰው ነው፤ ልማዱን ለሚያውቅ፣ ከወዳጆቹ ጋር ለቆመ፣ ሲበቃው ሊወጣ ለሚችል።

ፈቃዱን አውጡና ምን እንደሚቀር ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1989 መጨረሻ የፓናማው ገዢ ኖሬጋ እዚያው በሚገኘው የቫቲካን ኤምባሲ ሲሸሸግ የአሜሪካ ወታደሮች ሮክ ሙዚቃ ሌት ተቀን ለቀቁበት። ጓንታናሞ ላይ እስረኛ በሙዚቃ እንቅልፍ ተነፈገ። እ.ኤ.አ. በ1993 ቴክሳስ፣ ዌኮ ላይ ኤፍ.ቢ.አይ. የአንድ ሃይማኖት ቡድን ግቢ ከብቦ በድምፅ ማጉያ ከለቀቃቸው ነገሮች አንዱ የቲቤት መነኮሳት ዜማ ነበር። ልብ በሉ፣ የመነኮሳት ዜማ! ለጸሎት የተዜመው ያው ድምፅ፣ መዝጊያው በሰሚው እጅ ስላልነበረ ብቻ፣ ማሰቃያ ሆነ።

ሰፈሬ ውስጥ ኤፍ.ቢ.አይ. የለም፤ ሞንታርቦ ግን አለ። ጫማ መሸጫው ደጃፍ ላይ ሞንታርቦ፣ ግሮሰሪው በረንዳ ላይ ሞንታርቦ፣ የእምነት ቤቱ ጣሪያ ላይ በአራቱም ማዕዘን የተከፈተ የድምፅ ማጉያ። የማን እምነት ቤት እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ ሁላችንም አለንበት። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ለድምፅም ልክ እንዲወጣለት ካዘዘ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሞንታርቦው ግን አዋጅ አያነብም። ወደ ጫማ መሸጫው ተጠግታችሁ እዩ፤ ሻጩ ልጅ ራሱ ጆሮው ውስጥ ጥጥ ሰክቷል። ድምፁ ተሰነጣጥቆ ቃሉ አይለይም፣ ቤዙ ፈርሶ ጉርምርምታ ብቻ ቀርቷል። እዚያ ማንም አይመሰጥም፣ ማንም አይጨፍርም፣ ጫማም ብዙ ሲሸጥ አላየሁም። የታመመ፣ የሚያጠና፣ ሌሊት ሠርቶ የገባ ሰው ግን መስኮቱን ዘግቶ እንኳ አያመልጥም።

ለዝምታ ነጋዴዎች ደንበኛ የሚያሰልፍላቸውም ይኸው ሞንታርቦ ነው። ቀኑን ሙሉ ሳይጠየቅ ሲጮህበት የዋለ ሰው ማታ የምንጭ ውሃ ድምፅ ገዝቶ ቢሰማ ምን ይገርማል? ከበሮን ሁሉ፣ ጊታርን ሁሉ እንደ ጠላት ቢያይስ? ድምፅን ያስጠሉብን በየመንገዱ ያለ ልክ የረጩት ናቸው፤ ከዚያ የዝምታ ነጋዴው መጥቶ ጸጥታን በወር ክፍያ ያከራየናል። ሁለቱ ሳይተዋወቁ ሽርክና ገብተዋል፣ በመሃል የተዘረፈው ደግሞ ማኅሌቱ ደጅ፣ የመንዙማው ሐድራ ቤት፣ ኮንሰርቱ አዳራሽ ድረስ በእግሩ ሄዶ በፈቃዱ የሚቆመው ሰው ነው።

ስለዚህ ባለ ሞንታርቦዎች፣ አጥፉት አላልኩም፤ ወደ ውስጥ አዙሩት። በሩን ገርበብ አድርጉት፣ የፈለገ ይገባል። ሙዚቃው ደህና ከሆነ እኔ ከፊት ነው የምቆመው፣ መድፈኛዬን ይዤ።