በትልልቅ የእህል መጋዘኖች ውስጥ የላይኛውና የታችኛው አየር ሙቀት አንድ ስላለመሆኑ

እህል ማምረት ብቻ ሳይሆን ያመረቱትን ማኖርም ታላቅ ሥራ መሆኑን አገር የምታስተዳድሩ ሹማምንትና ብዙ እህል የምታከማቹ ባለ ጸጎች ታውቁታላችሁ። ነገር ግን ከመጋዘን ጠባቂዎች የሚጻፈውን ማስታወሻ ስንመለከት አንድ ነገር ሳይጻፍ ሲቀር እናያለን፤ ይኸውም ሙቀቱ ከወለሉ በምን ያህል ከፍታ ላይ እንደ ተለካ ነው። «የመጋዘኑ ሙቀት 20 ዲግሪ» ተብሎ ይጻፋል። መለኪያው ግን በበሩ አጠገብ በሰው ቁመት ልክ የተሰቀለ ነው፤ የሚነበበውም ጠባቂው በጧት በሩን ሲከፍት ነው። እንዲህ ያለው ቍጥር ስለ በሩ ይናገራል እንጂ ስለ እህሉ አይናገርም።

አየር ሲሞቅ ይሰፋል፤ ሲሰፋ ይቀልላል፤ የቀለለውም ወደ ላይ ይወጣል። ለዚህ ምስክር ለመፈለግ ከልደታ ሰፈር ርቆ መሄድ አያሻም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. በረራ ሲጀምር የተገለገለበት ሜዳ በዚሁ በልደታ ነበረ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች አየሯ ስስ ነው፤ በቀትር ሲሞቅ ደግሞ ይብስ ይሳሳል፤ አውሮፕላንም ለመነሣት ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል። ስለዚህ ለታላላቆቹ ጄቶች የቦሌ ሜዳ ተሠራላቸው። በሜዳ ላይ አውሮፕላኑን ያስቸገረው የአየር መቅለል በመጋዘን ውስጥ እህሉን ያስቸግራል።

በቀትር ፀሐይ የቆርቆሮውን ክዳን ታግለዋለች። ከክዳኑ ሥር ያለው አየር ይሞቅና፥ ቀላል ስለ ሆነ፥ ወደ ታች ሳይወርድ በዚያው ይተኛል። ጠባቂው በወለሉ ላይ ጋቢውን ደርቦ ቆሞ ሳለ ከራሱ በላይ ያለው ጆንያ የቆላ ሙቀት ይዞ ይውላል። ነቀዝ እጅግ የሚራባው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለ ሙቀት ነው፤ ከ15 ዲግሪ በታች ግን መራባቱን ይተዋል ማለት ይቻላል። እንግዲህ «አገራችን ደጋ ስለ ሆነ ነቀዝ አያሰጋንም» የሚል ሹም ስለ ታችኛው ጆንያ እውነቱን ነው፤ ስለ ላይኛው ግን ተሳስቷል። (ጤፍን ነቀዝ እንደማይበላው የታወቀ ነው፤ ቅንጣቱ አይበቃውምና። የምናገረው ስለ ስንዴ፥ ስለ በቆሎና ስለ ማሽላ ነው።)

ሌሊት ነገሩ ይገለበጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ሲጠራ ቆርቆሮው ሙቀቱን ለቆ ከውጭው አየር እንኳ ይልቅ ይቀዘቅዛል። ከእህሉ የተነሣው እርጥብ አየር ሲነካው ጤዛ ይሆንና በላይኛው ጆንያ ላይ ይንጠባጠባል። በበጋ እህል ሻገተ በተባለ ጊዜ ጠባቂውን ሰነፍ ከማለት በፊት ቀና ብሎ ጣራውን ማየት ይገባል። በሻገተ በቆሎ ላይ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊገኝ ስለሚችል ጉዳቱ በሚዛን ብቻ የሚታወቅ አይደለም።

የአባቶቻችን ጎተራ አጭር ነው፤ በጭቃና በእበት ተለስኖ በሣር ይከደናል፤ ሣርም የፀሐይን ሙቀት እንደ ቆርቆሮ አያሳልፍም። የሐረርጌው ጉድጓድ ሙቀቱ እምብዛም አይለዋወጥም፤ ጉድለቱ እርጥበቱ ነው። እኛ ቤቱን አስረዝመን ክዳኑን ቆርቆሮ ስናደርግ የጥበቃውን ልማድ ግን በአጭሩ ጎተራ ልክ አስቀረነው።

የመጠባበቂያ እህል ተቋም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1982 ከቆመ ወዲህ በኮምቦልቻ፥ በአዳማ፥ በድሬዳዋና በሌሎችም ስፍራዎች ትልልቅ መጋዘኖች ለክፉ ቀን የሚሆን እህል ሲያኖሩ ኖረዋል። እንዲህ ያለው እህል ብዙ ወራት ይተኛል፤ የሚወጣውም ሕዝብ በተራበ ቀን ነው። በድሬዳዋ ወለሉ እንኳ ሞቃት ሆኖ ሳለ የክዳኑ ሥር ምን ያህል ይሆን?

የዓለም ጤና ድርጅት ስለ መድኃኒት ማከማቻዎች ባወጣው መምሪያ 6 ሜትር ከፍታ ላለው ቤት መለኪያዎቹ በ0.3፥ በ1.8፥ በ3.6 እና በ5.4 ሜትር ላይ እንዲሰቀሉ ምሳሌ ሰጥቷል። ለመድኃኒት የተባለው ለእህል የማይሆንበትን ምክንያት አላይም። «በየቀኑ ማን መሰላል ይወጣል?» የሚል ይኖራል። የቀኑን ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት ምልክት አድርጎ የሚያቆይ መለኪያ ስላለ በገመድ ሰቅሎ ማታ አውርዶ ማንበብ ይቻላል። የአራቱም ዋጋ ከተበላሸ እህል ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

በእኔ አሳብ ከፍታውና ሰዓቱ ያልተጻፈበት የሙቀት ማስታወሻ ከእንግዲህ ወዲያ ተቀባይነት ሊያገኝ አይገባም። አዲስ መጋዘን ሲሠራም በጣራው ጫፍ የአየር ማስወጫ፥ ወፍ እንዳይገባበት በሽቦ ወንፊት የተሸፈነ፥ ካልተደረገለት ሹሙ አይረከበው። ጆንያውም በእንጨት ርብራብ ላይ ይከመር፤ በክምሩና በክዳኑ መካከል አንድ ሜትር ያህል ባዶ ይተው። ማስወጫው ውጭው ሲቀዘቅዝና ሲደርቅ ይከፈት፤ በክረምቱ ጭጋግ ይዘጋ። መርማሪም በመጣ ጊዜ የናሙና መውጊያውን ከላይኛው ጆንያ ይጀምር፤ እስካሁን የሚወጋው እጅ የሚደርስበት ጆንያ ነውና።