ብሎክቼይን ቡናችን ጋር ከመድረሱ በፊት፦ ማን ይከፍላል? መዝገቡስ የማን ነው?

ብሎክቼይን ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት ቢትኮይን ነው። ብሔራዊ ባንክም 2014 ዓ.ም. ላይ በክሪፕቶ መገበያየት ሕገወጥ መሆኑን ስላስጠነቀቀ፣ ስሙን ሲሰማ የሚሸሽ ሥራ አስኪያጅ አይጠፋም። ዛሬ የምናወራው ግን ስለ ሳንቲሙ ሳይሆን ስለ መዝገቡ ነው። ብዙ ድርጅቶች አንድ መዝገብ በጋራ ይይዛሉ፤ አንዴ የተጻፈውን አንዱ ብቻውን ተነስቶ ሊሰርዘው አይችልም። ቢነካካው ሌሎቹ ያውቃሉ።

ታዲያ ጥሩ ነገር ከሆነ ድርጅቶች ለምን አልተሻሙበትም? ሁለት ታሪኮች እንይ።

አንደኛው የአሜሪካው ዋልማርት ነው። ከአይቢኤም ጋር ባደረገው ሙከራ፣ አንድ እሽግ ማንጎ ከየትኛው እርሻ እንደመጣ ለማወቅ 7 ቀን ገደማ ይፈጅ የነበረው ወደ 2.2 ሰከንድ ወረደ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ የሰላጣና የቅጠላ ቅጠል አቅራቢዎቹን «ወደ ሲስተሙ ግቡ» አላቸው። ትልቁ ገዢ ካዘዘ ምን አማራጭ አለ? መግባት ነው።

ሁለተኛው ትሬድሌንስ ነው። የመርከብ ድርጅቱ ሜርስክና አይቢኤም የጭነት ሰነዶችን በአንድ መዝገብ ለማድረግ ያቋቋሙት ነበር። ቴክኖሎጂው ሠርቷል። አንዳንድ ትልልቅ ተፎካካሪዎችም ገብተው ነበር። ግን ገና ከጅምሩ «የተፎካካሪያችን ንብረት በሆነ ሲስተም ላይ ለምን መረጃችንን እንሰጣለን?» የሚል ጥያቄ ተነስቶበታል። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ላይ እንደሚዘጋ ሲነገር የተሰጠው ምክንያትም ዘርፉ በሙሉ ሊተባበር አለመቻሉ ነው።

እንግዲህ ወሳኙ ቴክኖሎጂው ብቻ አይደለም። ማን ያዛል፣ ማን ይጠቀማል፣ መዝገቡ በማን እጅ ነው የሚለው ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። የአውሮፓ ኅብረት ያወጣው የደን ሕግ፣ ቡና ወደዚያ ሲገባ ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 (እ.ኤ.አ.) በኋላ ደን ተመንጥሮ ያልተተከለበት መሬት ላይ መብቀሉን ማሳየት ይጠይቃል። የማሳው ቦታ ጭምር መታወቅ አለበት። ሕጉ ሥራ ላይ የሚውልበት ጊዜ ተደጋግሞ ቢራዘምም አልቀረም። ብሎክቼይን ተጠቀሙ ብሎ ግን አያስገድድም፤ የሚፈልገው ትክክለኛ መረጃ ነው።

ችግሩም እዚህ ላይ ነው። አብዛኛው ቡናችን የሚመጣው ከትንንሽ ገበሬዎች ነው። የብዙ ሰው እሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያ ላይ ይቀላቀላል። እዚያ ሚዛኑ አጠገብ የተቀመጠው ሰው የተሳሳተ ማሳ ከጻፈ፣ ብሎክቼይኑ የሚያደርገው ስህተቱን እንዳይሰረዝ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። የማይሰረዝ መሆኑ እውነት አያደርገውም።

ስለዚህ ማኅበራትና ላኪዎች ውል ከመፈረማቸው በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ እንላለን። ማሳ የመለካቱን ወጪ ማን ይሸፍናል? የገበሬው መረጃ የማን ንብረት ነው፣ ገዢ ቢቀየር ይዞት መሄድ ይችላል? ስህተት ቢገኝ ማን ነው የሚያርመው? መልስ ከሌለው ወጪው ዞሮ ዞሮ ገበሬው ላይ ነው የሚያርፈው፤ ማሳው ያልተመዘገበለት ደግሞ ከነጭራሹ ከገበያ ሊወጣ ይችላል።

ቡና ላይ የምትሠሩ ተከታታዮቻችን፣ እናንተ ጋር እሸቱ ሲገባ መዝጋቢው ማን ነው? በምን ይመዘግባል? ኮሜንት ላይ ጻፉልን።