የሮቦት ካርታ፣ የገንዘብ ካርታ

ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ «ፈርስት» በተሰኘው ውድድር የሚካፈሉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሮቦት ቡድኖች በብዛት የሚገኙት በሚሺጋን ነው። ቡድኖቹን በካርታ ላይ በነጥብ ያሰፈረ ሰው በዲትሮይት ዙሪያ ተጨናንቀው ያገኛቸዋል። ይሁንና ጎበዝ ልጅ ያለው እዚያ ብቻ ነው ብሎ የሚደመድም ሰው ገበያውን አላነበበም።

እንደሚታወቀው ዲትሮይት የመኪና ከተማ ናት። ውድድሩ በ1992 እ.ኤ.አ. ከተጀመረ በኋላ እንደ ጄኔራል ሞተርስ፣ ፎርድና ክራይስለር ያሉ ኩባንያዎች ለቡድኖች ገንዘብና መሐንዲስ አቀረቡ። በመሆኑም ነጥቦቹ የሚያሳዩት ከተሰጥኦ ይልቅ ስፖንሰር ያለበትን ቦታ ነው።

ዋጋ ሲወርድ ግን ገበያ ይሰፋል። በ2009 እ.ኤ.አ. ውድድሩ በየአካባቢው ተከፋፍሎ፣ አንድ ቡድን በአንድ የምዝገባ ክፍያ ሁለት ጊዜ እንዲወዳደር ተደረገ። ቆይቶም የግዛቱ መንግሥት ድጎማ ታከለበት። ነጥቦቹም ከዲትሮይት ርቀው ወደ ትናንሽ ከተሞች ዘለቁ።

ለተማሪዎች ሮቦት ገንዘብ ለማውጣት የሚያስብ የአዲስ አበባ ባለሀብትም ስፖንሰር በበዛበት ላይ ከሚደርብ፣ ነጥብ ባልወደቀበት ከተማ የአንድ ቡድን ወጪ ቢሸፍን ይበጀዋል። የባለሙያ እጥረት ነገ ዞሮ የሚመታው ነጋዴውን ራሱን ነውና።