ቤቱን የወረሰው ውሸት

«በጋለ ቆርቆሮ ላይ ያለች ድመት» የተባለው የአሜሪካ ፊልም በቴኔሲ ዊልያምስ ቴአትር ላይ ተመሥርቶ በ1958 እ.ኤ.አ. የተሠራ ነው። ቢግ ዳዲ የተባለው የሚሲሲፒ ባለጸጋ 65ኛ ልደቱን ሲያከብር፣ ካንሰር ሊገድለው መቃረቡ እየታወቀ «ጤነኛ ነዎት» ይባላል። ታላቁ ልጅ ርስቱን ያያል፤ ፖል ኒውማን የሚጫወተው ታናሹ ብሪክ ደግሞ ውሸት አስጠላኝ እያለ ራሱን በመጠጥ ይሸነግላል።

አባቱ ለምን እንደሚጠጣ አጥብቆ ሲጠይቀው፣ በንዴት እውነቱን ያወጣበታል። ነገሩ ጭካኔ ይመስላል፤ ነገር ግን አባትና ልጅ ከዚያች ሌሊት በፊት ከልብ ተነጋግረው አያውቁም ነበር።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። የአባትየው ደዌ ቢገለጥም አይድንም፤ የልጁ ግን ይድናል። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ሌላው የዋሸንን ከመቍጠራችን አስቀድሞ ለራሳችን የምንዋሸውን እንመርምር።