ወንበሩ ማሳጅ ያድርግ፣ ማርሹን ግን ተዉልን!

ስለ ሮናልዶ የተጀመረ ወሬ መኪናው ጋ ሳይደርስ አያልቅም። ሰሞኑንም ከጓደኞቼ ጋር ሻይ እየጠጣን ያ የ2009ኙ አደጋ ተነሳ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ልጁ ጃንዋሪ 8 ቀን ማንቸስተር ኤርፖርት አጠገብ ባለው መሿለኪያ ውስጥ ቀይ ፌራሪ 599ኙን ከግድግዳ አላትሞ ምንም ሳይሆን ወጣ። ከአራት ቀን በኋላ ደግሞ የፊፋን የዓለም ኮከብ ተጫዋችነት ሽልማት ተቀበለ።

ክርክራችን ግን ስለ አደጋው አልነበረም። 599 ማለት 620 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ በሰዓት ከ330 ኪሎ ሜትር በላይ የሚበር መኪና ነው። ውስጡ ሲገባ ግን ቆዳው፣ ኤሲው፣ ሙዚቃው፤ አብዛኞቹ ላይ ማርሹም የሚቀየረው መሪው ስር ባለ መቀየሪያ በጣት ነው። “ይሄ ሳሎን ነው እንጂ የስፖርት መኪና ነው እንዴ?” አለ አንዱ ጓደኛችን። ለእሱ መኪና ማለት በ1987 የወጣው ፌራሪ ኤፍ 40 ነው። 478 የፈረስ ጉልበት፣ 324 ኪሎ ሜትር ፍጥነት፤ ሬዲዮ የለ፣ ምንጣፍ የለ፣ በሩም ከውስጥ የሚከፈተው ገመድ ተስቦ ነው። (በዚህ በኩል እንኳን አንዳንዱ የከተማችን ሚኒባስ ከፌራሪ አያንስም!)

እኔ ግን ከወዳጄ ጋር አልስማማም። ያ ባዶ ነው የሚባልለት ኤፍ 40 ራሱ ኤሲ ነበረው። ለምን ቢባል ሞተሩ ጀርባህ ላይ እየነደደ በላብ የተዘፈቀ ሰው ደህና አድርጎ ሊነዳ አይችልም። የማክላረን ኤፍ 1ን ታሪክም እዩት። ዲዛይነሩ ጎርደን መሬይ እያንዳንዷን ግራም የሚቆጥር፣ በክብደት ጉዳይ ቀልድ የማያውቅ ሰው ነው። መኪናው 1,138 ኪሎ ብቻ ይመዝናል። የሚያግዝ መሪ የለውም፣ ኤቢኤስ የለውም፣ ፍሬኑንም በራስህ እግር ጉልበት ነው የምትረግጠው። ግን ኤሲ አለው፣ አስር ሲዲ የሚይዝ ማጫወቻም ተገጥሞለታል! ይህ መኪና በ1998 በሰዓት 386 ኪሎ ሜትር ሮጦ ሬኮርድ ሰብሯል። ሰውየው ለሾፌሩ ምቾት ሰጠው፤ የሾፌሩን ሥራ ግን አልቀማውም።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ለተጫዋች ጥሩ መልበሻ ክፍል ይሠራለት፣ ይታሽ፣ በቻርተር አውሮፕላን ይሂድ፤ ማንም አይቀናበትም። ፍፁም ቅጣት ምቱን ግን ራሱ ይምታ! በ2022 የወጣው ባለ አራት በሩ ፌራሪ ፑሮሳንግዌ 725 የፈረስ ጉልበት ይዞ ወንበሩ ማሳጅ ያደርጋል። ያድርግ፣ ምን አገባኝ? ቡጋቲ ቬሮንም በ2005 ሲመጣ 1,001 የፈረስ ጉልበትና 407 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይዞ፣ ማታ ደግሞ ሱፍ ለብሰው ኦፔራ ቤት የሚሄዱበት እንዲሆን ተደርጎ ነው የተሠራው። ክብደቱ ወደ 1,900 ኪሎ መጠጋቱ ነው ችግሩ። ምቾት በነፃ አይመጣም፤ ኪሎ ይጨምራል፣ ያንን ኪሎ ለመጎተት ደግሞ ሌላ ጉልበት ይፈለጋል።

እኔን ያናደደኝ ሌላ ነው። ፖርሽ በ2013 አዲሱን 911 ጂቲ3 ሲያወጣ ፍሪሲዮኑን አስቀረው። አውቶማቲክ ካምቢዮ ብቻ! በሰዓት ሲለካ እንደሚፈጥን አልክድም። ግን ጂቲ3 የሚገዛ ሰው እኮ የሚገዛው ራሱ ሊነዳው ነው። የፖርሽ ወዳጆች አገሩን በጩኸት ሞሉት። በ2016 ኩባንያው 911 አር የተባለውን በእጅ ማርሽ ብቻ፣ 991 ፍሬ ሠርቶ አወጣ፤ ወዲያው የሁለተኛ እጅ ዋጋው ሰማይ ነካ። በ2017 ጂቲ3 ላይ ማኑዋሉ ተመለሰ። ደጋፊ ጮሆ አሰልጣኝ ሲያስባርር ብዙ ጊዜ አይተናል፤ ጮሆ ፍሪሲዮን ሲያስመልስ ግን እኔ ያየሁት ያኔ ነው።

አሁን ያለው ጣጣ ደግሞ ስክሪን ነው። የድሮ ቁልፍ እጅህ ራሱ ዳብሶ ያገኘዋል፤ ስክሪን ግን ካላየኸው አታገኘውም። በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ወደ 70 ሜትር ይጓዛል። ከአንዱ ጎል ተነስተህ የሜዳውን ሁለት ሦስተኛ ዓይንህን ጨፍነህ ሮጥክ ማለት ነው፣ ኤሲ ለመቀነስ! ደግነቱ ፌራሪ ራሱ ነቅቷል። ሮማ ላይ ሞተር ማስነሻውን ሳይቀር በንክኪ አድርጎት ነበር፤ በ2025 ያስተዋወቀው አማልፊ ላይ ግን የሚጫን እውነተኛ ቁልፍ መሪው ላይ መልሶ አስቀመጠ።

ማርሹስ? ፌራሪ ላይ ፍሪሲዮን ተረግጦ በእጅ የሚቀየር ማርሽ ካሊፎርኒያ በተባለው ሞዴል ካበቃ ከአስር ዓመት በላይ ሆኖታል። እየጠበቅን ነው።